ራስህ ደውል

አታላይ መንገደኛን ሊያጠምድ ሲነሳ ብዙ ቃል አያባክንም። አንዲት ቃል ትበቃዋለች፤ «ተዘግቷል»። መንገዱ ተዘግቷል፤ ሆቴሉ ተዘግቷል፤ ቢሮው ተዘግቷል፤ ልትጎበኘው የመጣኸው ሥፍራ ዛሬ ዝግ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ቀላል ነው። በሩ መዘጋቱን ያመነ ሰው፣ ሌላ በር የሚያሳየውን ሁሉ እንደ ወዳጅ ይቆጥራልና። እኔ ይህችን ቃል በሕንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ፣ በጥር ወር 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ) ሰምቻታለሁ፤ ዋጋዋንም ከፍያለሁ። የከፈልኩት ገንዘብ የእኔ ስላልነበረ ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜን፣ ሁላችንም በቤታችን «ጋሼ» የምንላቸውን፣ ለልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ይዣቸው ሄድኩ። ወጪውን የቻለው ዘመድ አዝማድ ነው። እኅታችን የዕቁብ ዕጣዋን አስቀድማ ተለምና ሰጠች፤ የሠፈር ሰው አዋጣ፤ ባሕር ማዶ ያሉ የአክስት ልጆች ላኩ። ያን ገንዘብ በሸሚዜ ውስጥ ደረቴ ላይ አስሬ ስጓዝ፣ እያንዳንዱ ዶላር የሰጪው ስም የተጻፈበት ይመስለኝ ነበር።

ዴልሂ የደረስነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ዛሬ መንገደኛው የሚያውቀው ሰፊው ሦስተኛ ተርሚናል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለሆነ፣ ያኔ የወጣነው በአሮጌው ጠባብ በር ነው። ቅድሚያ ተከፍሎባቸው የሚኬድባቸው ታክሲዎች መስኮት እንዳለ ከመምጣቴ በፊት ተነግሮኛል፤ መስኮቱንም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጋሼ ደግሞ መቆም አልቻሉም። በዚህ መሐል ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ እንግሊዝኛው ከእኔ የተሻለ ትሑት ሰው ቀርቦ ሻንጣችንን አነሳ። የምናርፍበትን ሆቴል ስም ጠየቀኝ፤ እኔም በገዛ አፌ ነገርኩት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ዞር አለና፣ «ሆቴላችሁ ባለበት ሠፈር ረብሻ አለ፤ ፖሊስ መንገዱን ዘግቷል» አለን። ከዚያም እንዲያረጋግጥልን ብሎ «የመንግሥት የቱሪስት መረጃ ቢሮ» የሚል ሰሌዳ ወደተሰቀለበት ክፍል ወሰደን። ውስጡ የማሕተማ ጋንዲ ሥዕል፣ ትልቅ የሕንድ ካርታ፣ ጠረጴዛና ስልክ አለ። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው ስልኩን መታ መታ አድርጎ እጀታውን ሰጠኝ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ድምፅ የሆቴሉን ስም ጠራ፤ በረብሻው ምክንያት እንግዳ እንደማይቀበሉ፣ የያዝነው ክፍልም መሰረዙን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታው ልቤን ነካው። ወዲያውም «አስተማማኝ» የተባለ ሌላ ሆቴል ተገኘልን፤ ለአንድ ሌሊት 140 ዶላር፣ የሦስት ሌሊት ቅድሚያ ክፍያ። የእኛ ሆቴል 25 ዶላር ነበር። 420 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁ፤ አመስግኜም ወጣሁ።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። የተወሰድንበት ሆቴል ከሆስፒታሉ ከተማውን አቋርጦ ያለ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ጠዋት በዴልሂ የመኪና ጎርፍ ውስጥ ተቀርቅረን ሁለት ሰዓት ተኩል ዘግይተን ደረስን፤ ሐኪሙ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተዋል፤ ቀጠሯችን በስምንት ቀን ተራዘመ። ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ስምንት ቀን ምን ማለት እንደሆነ የታመመ ያውቀዋል። ወደ መጀመሪያው ሆቴል ስንሄድ ዘበኛው ሌሊቱን ሲጠብቁን እንዳደሩ ነገረን። ረብሻ አልነበረም። የተዘጋ መንገድም አልነበረም።

ጋሼ አልተቆጡም። አልጋው ላይ ጋደም ብለው ቀስ እያሉ ጠየቁኝ።

«ስልኩን የደወለው ማን ነው?»

«ሰውየው።»

«ቁጥሩስ? አንተ ኪስ ባለው ወረቀት ላይ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ ለምን ራስህ አልደወልክም?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ዘመን የዴልሂ ጎዳናዎች በቢጫ ሰሌዳ «ፒ.ሲ.ኦ.» ተብሎ በተጻፈባቸው የሕዝብ ስልክ ሱቆች የተሞሉ ነበሩ። ጥቂት ሩፒ ከፍሎ መደወል ይቻል ነበር። ዛሬ እነዚያ ሱቆች በእጅ ስልክ ምክንያት ጠፍተዋል ማለት ይቻላል፤ የጋሼ ጥያቄ ግን አልጠፋም።

በእነዚያ ስምንት ቀናት ራሴን ደጋግሜ የጠየቅሁት ሌላ ጥያቄ አለ። ሥልጣን የተናገረውን ሁሉ መርምሩ እያልኩ የምጽፍ ሰው፣ አንድ ታክሲ ነጂ የተናገረውን እንዴት ሳልመረምር ዋጥኩት? መልሱ ከሰውየው ብልጠት ይልቅ ከራሴ ትዝታ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት። እኔ የመጣሁት በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ተኩስ ከሰማችው አዲስ አበባ ነው። በእነዚያ ቀናት «ረብሻ አለ፤ መንገዱ ተዘግቷል» የሚለው ቃል እውነት ነበር፤ ያላመነ ሰው ላይመለስ ይችል ነበር። ነጂው ስለ እኔ ሀገር የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ማወቅም አያስፈልገውም። ለሁሉም እንግዳ አንድ ዓይነት ቃል ይወረውራል፤ እያንዳንዱ እንግዳ ደግሞ ከየሀገሩ ይዞት በመጣው ፍርሃት ራሱ ይሞላዋል። ዴልሂም ብትሆን ለዚህ ውሸት የሚመች እውነተኛ ቁስል አላት። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ከተገደሉ በኋላ በሲኮች ላይ የደረሰው ፍጅት፣ በ2020 በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ሠፈሮች የፈሰሰው ደም እውነት ናቸው። ውሸት ባዶ መሬት ላይ አይቆምም፤ እውነት ላይ ነው የሚቆመው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ የከተማዪቱን ወጥመዶች አንድ በአንድ መመልከት ጀመርኩ። ብዙዎቹ የዚያችው አንዲት ቃል ልጆች ናቸው። በኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ፣ በፓሃርጋንጅ በኩል ባለው ሕንፃ ፎቅ ላይ ለውጭ ሀገር መንገደኞች ትኬት የሚሸጥ የባቡር ድርጅቱ ቢሮ አለ። መንገደኛው ደረጃውን ከመርገጡ በፊት አንድ ሰው ያስቆመዋል፤ «ቢሮው ተቃጥሏል»፣ ወይም «ወደ ኮኖት ፕሌስ ተዛውሯል» ይለዋል። ኮኖት ፕሌስ ሲደርስ የሚያገኘው፣ በሰሌዳው ላይ «መንግሥት» የሚል ቃል የለጠፈ የግል ደላላ ቤት ነው፤ ባቡሩ ሞልቷል ተብሎ በመኪና ወደ ካሽሚር የሚወስድ ውድ ጉዞ ይሸጥለታል። እውነተኛው የመንግሥት የቱሪስት ቢሮ በጃንፓት ጎዳና 88 ቁጥር ነው። ሰሌዳ ማንም ያሠራል፤ አድራሻ ግን ሊመሳከር ይችላል።

ወደ አግራ ስንሄድም ያችው ቃል ትከተለናለች። ታጅ ማሐል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ በዴልሂ ያለው ቀዩ ምሽግ ደግሞ ሰኞ ዝግ ነው። ይህ እውነት ስለሆነ፣ ማክሰኞም ሐሙስም «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ባለ ሦስት እግር ነጂ አይጠፋም። (እኛ ባጃጅ የምንላትን እነሱ «አውቶ» ይሏታል፤ ስሟን ለእኛ የሰጠን ግን የእነሱው ፋብሪካ ነው።) ነጂው በዝግነቱ ፈንታ በጥቂት ሩፒ ከተማውን ላዙርህ ይላል። የሚያዞረው ከምንጣፍ ሱቅ ወደ ሐር ሱቅ ነው፤ እንግዳው ባይገዛ እንኳ ስላመጣው ይከፈለዋል፤ ከገዛ ደግሞ የነጂው ድርሻ በዋጋው ውስጥ ተጨምሮ ይጠብቀዋል።

ከፍርሃት ይልቅ ስስትን የሚያጠምዱም አሉ። በአግራና በጃይፑር የታወቀው የከበረ ድንጋይ ንግድ እንዲህ ነው፤ «እኛ ቀረጥ ስለሚከብደን አንተ እንደ ጎብኚ ይዘህልን ውጣ፤ ሀገርህ ስትደርስ ሰዋችን በእጥፍ ይገዛሃል» ይባላል። ለማስያዣ የባንክ ካርድህን ስጥ። ድንጋዩ ተራ ድንጋይ፣ ገዢው ደግሞ የሌለ ሰው ነው። ትናንሾቹን ለመቁጠር ጊዜ አይበቃም፤ ሳታየው ጫማህ ላይ እበት ጥሎ ወዲያው ሊጠርግልህ የሚቀርብ ሊስትሮ፣ 500 ሩፒ ተቀብሎ በዓይን ጥቅሻ ወደ 100 ለውጦ «የሰጠኸኝ ይህን ነው» የሚል ነጂ። ገንዘብ ስትሰጥ የብሩን ዋጋ ጮክ ብለህ ጥራ፤ ይህ ብቻ ብዙ ክርክር ያስቀራል። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2016 ሌሊት የቀድሞዎቹን የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶች፣ በዋጋ ሲታይ በሀገሩ ይዘዋወር ከነበረው ጥሬ ገንዘብ 86 በመቶ የሚሆነውን፣ በአንድ ንግግር ከሥራ ውጭ አድርጓል። ስለዚህ የድሮ ኖት የሚሰጥህ መንዛሪ ወረቀት ነው የሰጠህ።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ተስፋን የሚያጠምደው ነው። ይህ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል፤ ወደ ዴልሂ፣ ወደ ቼናይ፣ ወደ ባንጋሎር የምንሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለጉብኝት ሳይሆን ለሕክምና ነውና። በሆስፒታሎች ዙሪያ ባሉት የእንግዳ ማረፊያዎች በሽተኛን ከሐኪም፣ ከመድኃኒት ቤትና ከማደሪያ የሚያገናኙ ደላሎች አሉ። አንዳንዶቹ አማርኛ ይናገራሉ። ከሀገር ርቆ የገዛ ቋንቋውን የሰማ በሽተኛ ልቡን ይከፍታል፤ ቦርሳውንም ይከፍታል። ደላላው የሚቀበለው ኮሚሽን ዞሮ ዞሮ በበሽተኛው ሒሳብ ላይ ያርፋል። ሁሉም አስተርጓሚ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያለ እነሱ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ሆስፒታሎቹ ለውጭ በሽተኞች የተለየ ክፍል አላቸው። ከመነሳትህ በፊት ለዚያ ክፍል በቀጥታ ጻፍ፤ የወጪውን ግምት በጽሑፍ ጠይቅ፤ ግምቱ ውስጥ ያልገባው ምን እንደሆነም ጠይቅ፤ ክፍያህን በራሱ በሆስፒታሉ ገንዘብ ቤት ፈጽመህ ደረሰኝ ተቀበል፤ ፓስፖርትህን ለማንም «ላስቀምጥልህ» ባይ አትስጥ።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ማንንም አለማመን ነው» ሊል ይችላል። እኔም ለጥቂት ቀናት እንዲህ ብዬ ነበር። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ። ከዚያ ግን ሌላ ስሕተት ሠራሁ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን ለጋሼ የደም ምርመራ በአንድ አውቶ ተሳፍረን ስንሄድ፣ ዕድሜው የገፋ ጥምጥም አሳሪ ሲክ ነጂ ዞር ብሎ «መንገዱ ተዘግቷል፤ ዞረን እንሂድ» አለን። ደሜ ፈላ። ውሸታም አልኩት፤ ፖሊስ እጠራለሁ አልኩት፤ ጋሼን ደግፌ አወረድኩና በእግራችን ቀጠልን። ጥቂት መቶ እርምጃ እንደሄድን የብረት አጥር፣ የቆሙ ወታደሮችና በሩቁ የሰልፍ ሙዚቃ አገኘን። ሕንዶች ጃንዋሪ 26 የሚያከብሩት የሪፐብሊክ ቀን ታላቅ ሰልፍ ሙሉ ልምምድ የሚደረገው በዚያ ዕለት ነው፤ ያኔ ራጅፓት ይባል የነበረው፣ ከ2022 ወዲህ ካርታቪያ ፓት የተባለው ጎዳናና አካባቢው በእርግጥ ተዘግቶ ነበር። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ። ቀና ስል ያ ነጂ በዝግታ ተከትሎን መጥቷል። አንድ ቃል አልተናገረም፤ በእጁ ወንበሩን አሳየን። ረጅሙን ዙሪያ ዞሮ አደረሰን፤ ሲያበቃም ቆጣሪው ያሳየውን ብቻ ተቀበለ።

ማታ ጋሼ እንዲህ አሉኝ፤ «ያን ሌሊት ሁሉን አመንክ፤ ዛሬ ሁሉን ካድክ። በሁለቱም ቀን ራስህ ሄደህ አላየህም።»

በማግሥቱ ኮኖት ፕሌስ አጠገብ ወዳለው ባንግላ ሳሒብ ወደተባለው የሲኮች ቤተ ጸሎት ሄድን። በዚያ ለመጣ ሁሉ፣ ሃይማኖትና ወገን ሳይለይ፣ ወለል ላይ በረድፍ ተቀምጦ በነፃ ይበላል። እኔ ግን ዋጋውን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ቂጣ የሚያድለው ጎልማሳ በሦስተኛው ሳቀብኝ። ያን ዕለት የገባኝ፣ አታላይ ከሰው የሚሰርቀው ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቅን ሰው ሲመጣ የሚቀበልበትን ዓይን ጭምር ይሰርቀዋል።

አሁን ወደ ለመድነው ርእሰ ጉዳይ፣ ወደ ፖለቲካው እንመለስ። ማጭበርበርን የሚቀንሰው ምንድን ነው? የሕንድ ሰዎች ከኛ በፊትም በኋላም በጎ ነበሩ፤ ምክርም በየመጽሐፉ ሞልቷል። በዴልሂ ነገሩን የለወጠው፣ እንግዳው ያለ ደላላ በቀጥታ የሚቆምበት መስኮት መብዛቱ ነው። የትራፊክ ፖሊስ የሚያስተዳድረው የታክሲ መስኮት ዋጋውን አስቀድሞ ጽፎ ይሰጣል፤ ወረቀቱን መድረሻ ላይ ሳትደርስ ለነጂው ካልሰጠህ፣ ነጂው ያለ አንተ ፈቃድ ገንዘቡን አያገኝም። ይህ ትንሽ ወረቀት ከመቶ ስብከት ይበልጣል፤ ሥልጣኑን ከነጂው እጅ ወስዶ ለመንገደኛው ይሰጣልና። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው የሜትሮ መስመር ተከፈተ፤ በሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ሁሉም በሚያውቀው ዋጋ ያደርሳል። የባቡሩ በር ላይ ማንም ቆሞ «ሆቴልህ ተቃጥሏል» አይልም። በ1363 ቁጥር በብዙ ቋንቋ መልስ የሚሰጥ የጎብኚዎች ስልክም አለ።

ታዲያ ይህን ስጽፍ ሕንድን ለመንቀፍ እንዳይመስል። በእኛው ፒያሳ «ተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛ ልለማመድ» ብሎ እንግዳውን የሚጠጋ፣ «ዛሬ ልዩ በዓል ነው» ብሎ ቡና ወደሚፈላበት ቤት የሚወስድ፣ የሒሳቡን ወረቀት ሲያመጣ ግን ሌላ ሰው የሚሆን ወጣት የለም ወይ? አለ። ግን ከዚያም የባሰ አለ። እስቲ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጉዳይ ይዘን እንቁም። «ኃላፊው የሉም። ስብሰባ ናቸው። ፋይሉ ጠፍቷል። ነገ ተመለስ።» ይህ ሁሉ በሌላ አነጋገር «ተዘግቷል» ማለት ነው። ከበሩ ውጭ ደግሞ ትሑት የሆነ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው «ላስጨርስልህ» እያለ ይጠብቃል። እንግዳ ሀገር ሄዶ መታለል ያለ ነው፤ በገዛ ቀበሌው ቱሪስት የሆነ ዜጋ ግን እጅግ ያሳዝናል። መብቱ የት እንደተጻፈ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በሩ ላይ ቢለጠፍለት ደላላው በማግሥቱ ሥራ ይፈታ ነበር። ለዚህ ነው አለመለጠፉ እንደ ዋዛ የማይታየው። በሩ ተዘግቷል ከመባሉ የሚኖር ሰው አለ።

ጋሼ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላቸው ተመለሱ። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ) ለክትትል እንደገና ወደ ዴልሂ ይዣቸው ስሄድ፣ በመጀመሪያው ጉዞ ያላዩትን ታጅ ማሐል ማየት ፈለጉ። የአግራ ትኬት ለመቁረጥ በሜትሮ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድን። ደረጃው ሥር አንድ ትሑት ሰው ጠበቀን። የውጭ ሀገር ሰዎች ቢሮ ለእድሳት መዘጋቱን፣ እሱ ግን ሌላ ቢሮ እንደሚያውቅ ነገረን።

አልተቆጣሁም፤ ውሸታምም አላልኩትም። ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል። አመሰገንኩትና ደረጃውን ወጣን፤ ጋሼ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በማይችሉት እርምጃ ከፊቴ እየቀደሙ ወጡ። በሩን ገፋ አደረጉት።

ክፍት ነበር።